ሳይመረመር የሚወርድ ካምቢዮ

ዓመታት ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ አውቶማቲክ መኪና አዲስ ባትሪ ተገዝቶለት፣ ያረጀው ነዳጅ ተቀድቶለት ሞተሩ ሲነሳ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ደስታው የሚቆየው ግን ማርሹ ዲ ላይ እስኪገባ ድረስ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው አይነቃነቅም። ወይም ብዙ ካመነታ በኋላ ድንገት ተመትቶ ይነሳል። ያን ጊዜ የሚጠራው መካኒክ ለመፍረድ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። «ካምቢዮው ሞቷል። ይውረድ።»

«ይውረድ» ቀላል ቃል ትመስላለች። ከኋላዋ ግን ብዙ ገንዘብ ተሰልፏል። የማውረጃ አለ፣ የመስቀያ አለ፣ «ከውጭ የመጣ፣ ንጹሕ» የተባለለት ያገለገለ ካምቢዮ መግዣ አለ፣ አዲስ ዘይት አለ። ይህ ሁሉ የሚወጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድም ነገር ሳይለካ ነው። የዘይቱ መጠን በትክክል አልታየም። ቀለሙና ሽታው አልተመረመረም። የኋላ ጎማዎቹ ሳይነክሱ መዞራቸው አልተረጋገጠም። ዳኛ ምስክር ሳይሰማ ቢፈርድ አገር ይጮኻል። በካምቢዮ ላይ እንዲህ ሲፈረድ ግን ባለንብረቱ ራሱ ቀብድ ይከፍላል።

ጉዳዩ የጥቂት የድሮ መኪና ወዳጆች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ ዙሪያውን ይመልከት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የፖሊሲው ልክነት የሌላ ቀን ክርክር ይሁን። ውጤቱ ግን አከራካሪ አይደለም፤ አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና እንደ ቀድሞው በሌላ አይተካም። አባት ትቶት የሞተው፣ ወራሾች ሲካሰሱበት የከረመው፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዶ በሸራ የተሸፈነው መኪና ሁሉ ዛሬ እንደገና ዋጋ አለው። እንዲህ ባለ ጊዜ «አውጥተህ ጣለው» የሚል የሙያ ባህል ቅንጦት ነው።

የዚህ ክርክር ጥሩ ምሳሌ አዲስ አበባ ጠንቅቃ የምታውቀው መርሴዲስ ነው። በፋብሪካ ስሙ ደብሊው 123 የሚባለው ይህ መኪና ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን ምርቱ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ቀጥሎ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። አውቶማቲክ የሆነው ባለ 4 ማርሽ ነው። ኮምፒውተር የለውም። ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት፣ በቫኪዩምና ከነዳጅ መስጫው ጋር በተያያዘ ገመድ ነው። ስለዚህ የዘመኑን የኮምፒውተር መመርመሪያ ይዞ የሚመጣ ወጣት መካኒክ ገመዱን የሚሰካበት ቦታ አያገኝም። እዚህ መኪና ላይ መመርመሪያው የሰው ዓይን፣ አፍንጫና ትዕግሥት ነው።

▪️ መቆም ካምቢዮን ምን ያደርገዋል?

አውቶማቲክ ካምቢዮ በዘይት የሚኖር ነገር ነው። ዘይቱ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉልበት ያስተላልፋል። ግፊቱን የሚሰጠው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊት የለም። መኪናው ለወራት ሲቆም በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ቀስ በቀስ ወደ ታች፣ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ፓራኦሊዮና ኦሪንግ የሚባሉት ዘይት የሚያግቱ የጎማ ቀለበቶች ይደርቃሉ፣ ይኮማተራሉ። ያረጀ ዘይት በቫልቭ ቦዲው ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ሙጫ መሰል ነገር ትቶ ይደርቃል፤ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚመላለሱት ትንንሽ ቫልቮች ባሉበት ይጣበቃሉ። በቱቦና በመተንፈሻ በኩል እርጥበት ይገባል።

ከእነዚህ ውስጥ ካምቢዮን «ገዳይ» የሆነው ስንቱ ነው? ዘይቱ የወረደበት ኮንቨርተር ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሲሠራ እንደገና ይሞላል። የደረቀ ጎማ አንዳንዴ አዲስ ዘይትና ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ ካልለሰለሰም ይቀየራል። የተጣበቀ ቫልቭ ይታጠባል። ከመቆም የሚመጣው ብልሽት አብዛኛው ከውጭ ወይም ከኮፓው በኩል የሚደረስበት ነው። ካምቢዮውን በእርግጥ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥድፊያ ነው። ግፊት ሳይሞላ «ይያዝ እንደሆን» እየተባለ ነዳጅ ሲረገጥ የፍሪሲዮን ሸራዎቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። አሥር ዓመት ቆሞ ያልሞተ ካምቢዮ በአሥር ደቂቃ የሚሞተው እንዲህ ነው።

▪️ በሐሰት የሚከሰሰው ካምቢዮ

የመጀመሪያው ሐሰተኛ ክስ ከፍሬን ይመጣል። ለዓመታት የቆመ መኪና ፍሬኑ ዝጎ ይነክሳል፤ በተለይ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ከቆመ። ዲ ሲገባ ሞተሩ ይጨነቃል፣ መኪናው አይሄድም፣ ካምቢዮው ይወነጀላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የፊት ጎማዎቹ ላይ ታኮ ተደርጎ፣ የኋላው በክሪክ ተነስቶና በጠንካራ ማስደገፊያ ላይ አርፎ፣ ማርሹ ኤን ላይ ሆኖ የኋላ ጎማው በእጅ ይዞራል ወይስ አይዞርም? ካልዞረ ስለ ካምቢዮ መነጋገር አልተጀመረም።

ሁለተኛው ክስ ከማርሽ ዘንጉ ይመጣል። በዘንጉና በካምቢዮው መካከል ያሉት ትንንሽ የፕላስቲክ ቡሾች ከዕድሜ ብዛት ይፈረፈራሉ። ያን ጊዜ ሹፌሩ ዲ ነው የሚለው ቦታ ለካምቢዮው በሁለት ማርሽ መካከል የሆነ ቦታ ነው። መኪናው ፒ ላይ ሆኖ ሞተሪኖው ካልዞረ፣ ኤን ላይ ግን ከዞረ፣ ወይም አር ውስጥ ሲገባ የኋላ መብራቱ ካልበራ ጥርጣሬው እዚህ ይጀምር። ይህ የቡሽ ዋጋ ነው፤ የካምቢዮ ዋጋ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበዛው፣ የዘይት መጠን ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ሞተር ጠፍቶ አይለካም። የዚህ መርሴዲስ ዘይት የሚለካው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ፣ ዘይቱ ሲሞቅ ነው። በመለኪያው ዘንግ ላይ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት 0.3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ከግማሽ እንደ ማለት። መኪናው ከርሞ ዘይቱ ወደ ኮፓው ሲወርድ ሞተር ጠፍቶ ያየ ሰው «በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ሞተሩ ሲነሳ ኮንቨርተሩ ዘይቱን ይስባል፣ ፓምፑ አየር ይጠጣል፣ ማርሽ መያዝ ያቆማል። ሌላው ደግሞ «ይጨመርለት» ብሎ ከልክ በላይ ይሞላል። የሚሽከረከረው ዕቃ ዘይቱን እንደ ሳሙና አረፋ ይመታዋል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ሁለቱም ስህተቶች ልክ እንደ ሞተ ካምቢዮ ያስመስላሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው፤ እዚህ ግን የሚፈሰው ቃል በቃል ዘይት ነው።

አራተኛው የቫኪዩም ቱቦ ነው። በናፍጣ ደብሊው 123 ላይ አንድ የቫኪዩም ፓምፕ ብዙ ሥራ ይሠራል። ፍሬኑን ያግዛል፣ በሮቹን ይቆልፋል፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን ያጠፋል፣ የማርሽ ቅየራውንም ያለሰልሳል። ስለዚህ ማርሽ ሲቀይር እንደ መዶሻ የሚመታ መኪና ያለው ሰው ሁለት ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ሞተሩ በቁልፍ ወዲያው ይጠፋል? የበሮቹ መቆለፊያ ይሠራል? መልሱ አይደለም ከሆነ ካምቢዮውን የሚያስደነግጠው የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ ምናልባትም በር ውስጥ ያለ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ካምቢዮው ላይ የሚገጠመው ሞዱሌተር የሚባለው ዕቃ ራሱ ሽፋኑ ሲቀደድ ደግሞ ዘይቱ በቱቦው ወደ ሞተሩ ይሳባል። መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ዘይት የሚጎድለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቱቦው ተነቅሎ ውስጡ ዘይት ከተገኘ ምስክሩ ተገኘ ማለት ነው።

አምስተኛው አለማወቅ ነው። ከእነዚህ መርሴዲሶች መካከል አንዳንዶቹ ቀስ ተብሎ ሲነዳ ከ2ኛ ማርሽ እንዲነሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ 1ኛ የሚገባው ነዳጁ በደንብ ሲረገጥ ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ «አንደኛ ማርሹ ጠፍቷል» ይላል። በዚሁ ካምቢዮ ላይ ደግሞ ቢ 2 የምትባል ፒስተን ትሰበራለች፤ ያን ጊዜ መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ፊት እምቢ ይላል። ላላወቀው ሰው የካምቢዮ መጨረሻ ይመስላል። ለሚያውቀው ግን ካምቢዮው ሳይወርድ ከታች የምትቀየር ዕቃ ናት።

▪️ በእርግጥ የሞተ ካምቢዮ አለ

አለ። የሚታወቀው ግን በማስረጃ ነው። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ኮፓው ሲወርድ የሸራ ቁራጭና የብረት ስብርባሪ ከተገኘ፣ ካምቢዮው መውረዱ ተገቢ ነው። ኮፓው ሥር የሚገኝ ስስ ግራጫ ዱቄት ግን ተራ መበላት ነው፤ ማንንም ማስደንገጥ የለበትም።

ከሁሉ የከፋው ምልክት ዘይቱ እንጆሪ እንደገባበት ወተት ሲሆን ነው። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ክፍል ነው። ዝገት መከላከያ ሳይጨመርበት በቧንቧ ውሃ የከረመ ራዲያተር ከውስጥ ሲበላ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። ውሃው የሸራዎቹን ማጣበቂያ ያላቅቃል። እንዲህ ያለ መኪና አንድ ሜትርም መነዳት የለበትም። የችኮላ ፍርድ ትልቁ ኪሳራም እዚህ ላይ ይታያል። «ካምቢዮው ሞቷል» ብሎ ሌላ የሰቀለ፣ ራዲያተሩን ግን ያልነካ ጋራዥ ሁለተኛውንም ካምቢዮ ለዚያው ውሃ አስረከበው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተቀየረ ዕቃ ምክንያቱን ተሸክሞ ይቀጥላል።

ደግሞስ የሚሰቀለው «ንጹሕ» ካምቢዮ ከየት መጣ? ከሌላ አሮጌ መኪና ወርዶ ዘይቱ ፈስሶ፣ ቀዳዳው ተከፍቶ፣ መደርደሪያ ሥር የከረመ ነው። ቆሞ ደረቀ ተብሎ የወረደው ካምቢዮ ቢያንስ ዘይት ውስጥ ነበር። በእሱ ቦታ የሚገባው ከእሱ የባሰ የደረቀ ሊሆን ይችላል። ባለንብረቱ የከፈለው የሚያውቀውን ችግር በማያውቀው ለመለወጥ ነው።

▪️ መካኒኩም የሚለው አለው

ይህን ሁሉ ጥፋት በመካኒኩ ላይ መጫን ግን ግማሽ እውነት ነው። እስቲ በእሱ ቦታ ሆኖ ይታሰብ። አንድ ሙሉ ቀን ከመኪናው ሥር ተጋድሞ፣ ቱቦ በቱቦ ፈትሾ፣ በመጨረሻ የተሰነጠቀች የጣት ርዝመት ጎማ አገኘ። ምን ያስከፍላል? ባለመኪናው ጎማዋን አይቶ «ለዚህች ነው እንዴ?» ይላል። ያን ቀን የተሠራውን ሥራ፣ የዓመታት ልምዱን፣ ያዳነውን ገንዘብ ማንም አይቆጥርለትም። ካምቢዮ ቢያወርድ ግን ለማውረዱም፣ ለመስቀሉም ያለ ክርክር ይከፈለው ነበር። በዕቃውም ላይ ትንሽ ነገር ያገኝ ነበር። የቤት ኪራይ ያለበት፣ ረዳቶች የሚያበላ ጋራዥ የትኛውን ይመርጣል?

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። የሚከፈለው ለዕቃና ለጉልበት ነው፤ ለማወቅ አይከፈልም። ሐኪም ቤት ካርድ አውጥቶ፣ ለላቦራቶሪ ከፍሎ «ምንም የለብህም» ሲባል ተመስገን ብሎ የሚወጣ ሰው ጋራዥ ሲገባ ለምርመራ ክፈል ቢሉት ይቆጣል። ለማወቅ የማይከፍል ገበያ ደግሞ የሚያውቅ መካኒክ አያፈራም። የድሮውን ካምቢዮ በድምፁ የሚለዩት ሽማግሌዎች ሲያርፉ እውቀቱ አብሯቸው ይቀበራል፤ ወጣቱ አውርዶ መስቀልን ብቻ ይማራል፤ ገበያው የሚከፍለው ለእሱ ነዋ!

ገንዘቡ ከውጭ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ባለመኪናው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ በስልክ ይወስናል፤ መኪናው አጠገብ ያለው ዘመድ ደግሞ የመወሰን ሥልጣን የለውም። በስልክ ለማስረዳት «ካምቢዮው ሞቷል» ከ«ሞዱሌተሩ እስኪታይ ሁለት ቀን ስጡን» ይልቅ ይቀላል። ስለዚህ ቀላሉ ዓረፍተ ነገር ያሸንፋል፤ ብሩም ይላካል።

▪️ ምን ይደረግ?

መፍትሔው የሚጀምረው ምርመራን ራሱን የቻለ፣ ዋጋ ያለው ሥራ አድርጎ ከመቁጠር ነው። ባለንብረቱ ከጋራዡ ጋር የምርመራ ዋጋ አስቀድሞ ይስማማ። ችግሩ የአንዲት ቱቦ ሆኖ ቢገኝም ሳያጉረመርም ይክፈል። በምላሹ ደግሞ እነዚህ ነገሮች ታውቀው በጽሑፍ ሳይሰጡት ካምቢዮው እንዳይወርድ ይከልክል።

1. መኪናው ከመነሳቱ በፊት የካምቢዮ ዘይት ነበረው? ሞተር ጠፍቶ መለኪያው ጫፉ ድረስ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ዘይቱ የት እንደሄደ ይፈለግ።

2. የኋላ ጎማዎቹ በነፃ ይዞራሉ? የማርሽ ዘንጉ የሚያሳየውና ካምቢዮው ያለበት ቦታ አንድ ነው?

3. ሞተሩ ተነስቶ ፒ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ሳይረገጥ ሠርቷል? ከዚያስ ፍሬን ተይዞ ማርሹ በየቦታው እየቆየ ተዘዋውሯል?

4. ዘይቱ በሞቀ ጊዜ በትክክለኛው መንገድ ተለክቷል? ቀለሙና ሽታው ምን ይመስላል?

5. ቫኪዩሙ፣ ሞዱሌተሩና ከነዳጅ መስጫው የሚመጣው ገመድ ታይተዋል? የሞተሩ ሚኒሞ ልክ ነው? ሚኒሞው ከፍ ያለ ሞተር ዲ ሲገባ መምታቱ አይቀርም።

6. ኮፓው ወርዶ ምን ተገኘ? ዘይቱና ፍልትሮው ተቀይረዋል? በዚህ መርሴዲስ ቶርክ ኮንቨርተሩ የራሱ ማፍሰሻ ቡሎን አለው፤ ከኮፓው ብቻ ያፈሰሰ ሰው ከአሮጌው ዘይት ብዙውን ውስጥ ትቶታል። የሚገባው ዘይት ዴክስሮን የሚባለው ዓይነት ሲሆን ለሙሉ ቅየራ 6 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ሥራው በንጽሕና ይሠራ፤ ከመጥረጊያ ጨርቅ የቀረች ክር እንኳ ቫልቭ ታስይዛለች።

«አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱ ከተቀየረ ይሞታል» የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ዘይት ተቀይሮ በሳምንቱ የቆመ ካምቢዮ በእርግጥ ይኖራል። ሸራው ቀድሞ ያለቀ ካምቢዮ አዲስ ዘይት አያድነውም። ግን የሞተው በዘይቱ ነው ወይስ ዘይቱ ሲቀየር ቀድሞ ታሟል? ይህንንም የሚመልሰው ኮፓው ውስጥ የተገኘው ነገር ነው። ለዓመታት የከረመና እርጥበት የጠጣ ዘይት ውስጥ መተው ግን ጥንቃቄ አይባልም።

መኪናውን ወደ ጋራዥ መውሰድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት የካምቢዮው ፓምፕ አይሠራም፤ የኋላ ጎማው መሬት እየነካ ረጅም መንገድ የተጎተተ ካምቢዮ ያለ ዘይት ግፊት ይዞራል። ወይ በመጫኛ መኪና ይሂድ፣ ወይ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ይፈታ። በገመድ አስሮ ከተማ ማቋረጥ ጤነኛውንም በሽተኛ ያደርጋል።

ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ድርሻ አላቸው። ሠልጣኝ ዕቃ ፈትቶ መግጠም መቻሉ ብቻ ሳይሆን የብልሽትን ምክንያት በቅደም ተከተል አግኝቶ በጽሑፍ ማስረዳት መቻሉ ሊፈተን ይገባል። ይህ ለአሮጌ መርሴዲስ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ነገ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ባትሪ ሲደክም ያው ፍርድ ይመጣል፦ «ሞቷል፣ ይቀየር።» ዛሬ በካምቢዮ ላይ ያልተለመደ ምርመራ ያኔ በባትሪ ላይ ከየት ይመጣል? የባትሪው ዋጋ ደግሞ ከካምቢዮ ጋር አይወዳደርም።

እስከዚያው ግን ሥልጣኑ በባለንብረቱ እጅ ነው። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ «ምን ለክታችሁ ነው?» መልስ ያለው ጋራዥ ገንዘቡ ይገባዋል፤ ለምርመራውም ጨምሮ ይከፈለው። መልስ የሌለው ጋራዥ ግን መፍቻውን ያስቀምጥ።